የደስቲ ምርጫ

(አጎትና የእህቱ ልጅ፣ ለንደን። እሷ ስለ 1960ዎቹ ሴት ዘፋኞች የሬዲዮ ዝግጅት እያሰናዳች ነው፤ እሱ ሸክላ ሰብሳቢ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አዜብ፦ ጋሼ፣ ይኼን ነገር ያስረዱኝ። የደስቲ ስፕሪንግፊልድ የመጀመሪያ አልበም ስልኬ ላይ አለ፤ አሥራ ሁለቱንም ዘፈን አውቶቡስ ውስጥ ሰምቼ ጨርሻለሁ። እርስዎ ዘንድ ስመጣ ያው አልበም መደርደሪያው ላይ አራት ሆኖ ተቀምጧል። ሞኖ፣ ስቴሪዮ፣ የአሜሪካ ኅትመት፣ ከዚያ ደግሞ ሲዲ። አንዱ አይበቃም?

አጎት፦ አራቱ አንድ መሆናቸውን ማን ነገረሽ?

አዜብ፦ ዘፋኟ አንድ ናታ!

አጎት፦ ዘፋኟማ አንድ ናት። እስቲ የእንግሊዙን ገልብጪና ዝርዝሩን አንብቢልኝ። ከዚያ የአሜሪካውን።

አዜብ፦ የእንግሊዙ… «ኤ ገርል ኮልድ ደስቲ»፣ ፊሊፕስ፣ ቢኤል 7594። በ«ማማ ሴድ» ይጀምራል፣ «ዩ ዶንት ኦውን ሚ» ይከተላል… አንደኛው ገጽ በ«ሞኪንግበርድ» ያልቃል። ሁለተኛው በ«ትዌንቲ ፎር አወርስ ፍሮም ተልሳ» ተጀምሮ በ«ዶንት ዩ ኖው» ይዘጋል። የአሜሪካው ደግሞ… ቆይ፣ ርዕሱም ሌላ ነው እንዴ? «ስቴይ አዋይል» እና «አይ ኦንሊ ዋንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» ይላል። የሁለት ዘፈን ስም አጋጥመው ርዕስ አደረጉት።

አጎት፦ እነዚያ ሁለት ዘፈኖች የእንግሊዙ ላይ አሉ?

አዜብ፦ የሉም! ሰው ሁሉ ደስቲን የሚያውቃት እኮ በ«አይ ኦንሊ ዋንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» ነው።

አጎት፦ ኖቬምበር 1963 በነጠላ ወጥታ እንግሊዝ አገር አራተኛ ደረጃ ድረስ የወጣች ዘፈን ናት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ቢቢሲ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተላልፍ ከቀረቡት አንዷ ደስቲ ነበረች፣ ይቺኑ ዘፈን ይዛ። አልበሙ የወጣው ኤፕሪል 17 ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት በሞላት ማግስት። ዘፈኗ ግን አልገባችም። ሁለተኛዋ ነጠላ «ስቴይ አዋይል»ም አልገባችም።

አዜብ፦ ምን ነክቷቸው? ዛሬ ቢሆን አንደኛ ትራክ ላይ ነበር የሚያስቀምጧት።

አጎት፦ የጊዜው የእንግሊዝ ልማድ ነው። ነጠላውን ገዝቶ የጨረሰ ወጣት ያንኑ ዘፈን ለማግኘት ድጋሚ ኪሱ መግባት የለበትም ይባል ነበር። ትልቁ ሸክላ ደግሞ ለልጅ ኪስ ከባድ ዕቃ ነው፤ የሚገዛው ተጠራቅሞ፣ ወይ ለልደት ተጠይቆ ነው። እና የደስቲ አልበም የታወቀ ዘፈኗን አንዱንም ሳይዝ ገበያ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ። ሰዉ የገዛው የሚያውቀውን ዘፈን ፍለጋ አልነበረም ማለት ነው።

አዜብ፦ የሚያውቀውን ዘፈንማ ገዝቷል! «ኢኒዋን ሁ ሃድ ኤ ሃርት»ን ሲላ ብላክ ዘፍናው በዚያው ዓመት መጀመሪያ እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጥቷል። የ«ተልሳ»ው የጂን ፒትኒ ነው። «ዩ ዶንት ኦውን ሚ» የሌስሊ ጎር። ዝርዝሩን ሳየው እኮ አንድም የራሷ የለም፣ ጋሼ። የዝግጅቴ ችግር ይኸው ነው። «የመጀመሪያ አልበሟ» ብዬ ልጀምርና አድማጭ ደውሎ «ከዚህ ውስጥ የእሷ የቱ ነው?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

አጎት፦ ምርጫው የእሷ ነው በዪው።

አዜብ፦ ምርጫማ እኔም እመርጣለሁ። የሠርግ ዲጄም ይመርጣል።

አጎት፦ አትቸኩዪ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዘፋኝ ዘፈን የሚያገኘው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የዜማ አሳታሚው ሰው ወረቀቱን ወይም ናሙናውን ይዞ ለሸክላ ኩባንያው ያመጣል፣ የኩባንያው ሰው ይመርጣል፣ ዘፋኙ ገብቶ ይዘፍናል። አሜሪካ ውስጥ የወጣ ዘፈን ካለ የባለቤቱ ሸክላ እዚህ ሳይደርስ ቶሎ ብሎ በእንግሊዛዊ ማስቀረጽ ነው፤ ሩጫ ነው። ደስቲ ግን ከዚያ በፊት ራሷ ሸክላ አሳዳጅ ነበረች። ከወንድሟ ጋር «ዘ ስፕሪንግፊልድስ» በሚባል የሦስት ሰው ቡድን ውስጥ ጊታር ይዘው የገጠር ዘፈን የሚመስል ይጫወቱ ነበር። «ሲልቨር ትሬድስ ኤንድ ጎልደን ኒድልስ» የሚለው ዘፈናቸው 1962 ላይ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ሃያዎቹ ውስጥ ገባ። ናሽቪል ሄደው አልበም እንዲቀርጹ ተጠሩ። በመንገድ ኒውዮርክ ላይ ስታልፍ ነው እንግዲህ ከአንድ ሸክላ ቤት የኤክሳይተርስ «ቴል ሂም» እየጮኸ የሰማችው።

አዜብ፦ አንድ ዘፈን ሰምታ ቡድኗን ተወች?

አጎት፦ እንዲያ በአንድ ሌሊት አይደለም። ግን ኦክቶበር 1963 ላይ ቡድኑ ፈረሰ፤ በማግስቱ ወር የመጀመሪያ ነጠላዋ ወጣች። አሁን ዝርዝሩን በዚህ ዓይን እዪው። «ዌን ዘ ላቭላይት»ን ማን ነበር የዘፈነው?

አዜብ፦ ሱፕሪምስ።

አጎት፦ መቼ?

አዜብ፦ 1963 መጨረሻ ላይ።

አጎት፦ ሱፕሪምስ እንግሊዝ ውስጥ የታወቁት ደግሞ በ1964 ክረምት ነው፣ በ«ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ»። ደስቲ ዘፈናቸውን አልበሟ ላይ ስታስገባ እዚህ አገር ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። «ዊሺን ኤንድ ሆፒን»ም የዲዮን ዋርዊክ ነጠላ ጀርባ ላይ ያለች ዘፈን ናት። ጀርባውን ገልብጦ የሚሰማ ሰው ያውም ዲዮን ዋርዊክን ከሰማ ነው የሚያገኛት። ሽረልስ ሁለት ዘፈን አላቸው፣ «ማማ ሴድ» እና «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮ»። የአይኔዝና የቻርሊ ፎክስ «ሞኪንግበርድ» አለ። መዝጊያው የሬይ ቻርልስ ነው። የሠርጉ ዲጄ የሚመርጠው ሰው የሚያውቀውን ነው፤ ይቺ ልጅ ግን ሰው ያልሰማውንም ነው ያመጣችው።

አዜብ፦ የቆጠሯቸው በሙሉ ጥቁሮች ናቸው፣ ጋሼ።

አጎት፦ አብዛኞቹ።

አዜብ፦ ታዲያ እዚህ ላይ ነው የሚከነክነኝ። ባለ ወርቃማ ጸጉር ነጭ ልጅ ዘፈኖቻቸውን ሰብስባ ስድስተኛ ወጣች። ሽረልስ ምን አገኙ?

አጎት፦ ከእሷ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ኤፕሪል 16፣ የሮሊንግ ስቶንስ የመጀመሪያ አልበም ወጥቷል። እሱም አሥራ ሁለት ዘፈን ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ጃገርና ሪቻርድስ በስማቸው የጻፉት አንድ ብቻ ነው፣ «ቴል ሚ»። የቀረው አብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ነው። አንደኛ ወጥተው ሳምንታት ከዚያ አልወረዱም። ለእነሱ «ሥራችሁ የቱ ነው?» የሚል ደዋይ አልሰማሁም። «ብሉዝን ያስተዋወቁ» ነው የሚባሉት። ደስቲ ላይ ሲደርስ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

አዜብ፦ እሱስ ልክ ነው። ግን የስቶንስ ጥፋት የእሷን አይሽርም። እኔ የጠየቅሁት ስለ ገንዘቡ ነው። ደራሲ ተብሎ የተጻፈ ሰው ድርሻውን ያገኛል፤ ሬይ ቻርልስ «ዶንት ዩ ኖው»ን ስለጻፈ ያገኛል፣ ፎክሶቹም «ሞኪንግበርድ» ላይ ስማቸው ስላለ ያገኛሉ። ሽረልስ ግን እዚህ ካሉት የጻፉት የለም። «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮ»ን የጻፉት ጄሪ ጎፊንና ካሮል ኪንግ ናቸው። ዘፈኑን ሰው ያደረገችው ድምፅ ከደስቲ ሸክላ ሳንቲም አይደርሳትም። ሕጉ እንዲያ ነው።

አጎት፦ ይኼንን ልከራከርሽ አልችልም። ያልሽው እውነት ነው፤ በዝግጅትሽም በዪው። እኔ የምጨምረው፣ ደስቲ ከየት እንዳመጣችው አልደበቀችም። በየቃለ መጠይቁ የምትጠራው እነሱን ነበር። በ1965 ኤፕሪል የሞታውን ሸክላ ኩባንያ ዘፋኞች በ«ሬዲ ስቴዲ ጎ» ልዩ ዝግጅት እንግሊዝ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ አስተናጋጇ እሷ ናት፤ ሱፕሪምስ፣ ስቲቪ ዎንደር፣ ሚራክልስ፣ ቴምፕቴሽንስ፣ ማርታና ቫንዴላስ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዲሴምበር 1964 ደቡብ አፍሪካ ሄዳ፣ በዘር ለተከፋፈለ ተመልካች አልዘፍንም ብላ ውሏ ላይ አስጽፋ ነበርና ኬፕታውን አጠገብ ለተቀላቀለ ሕዝብ ዘፈነች። መንግሥት ከአገር አስወጣት።

አዜብ፦ የደቡብ አፍሪካውን አውቀዋለሁ፤ ለእሱ ራሱን የቻለ ክፍል አለኝ። ግን ጨዋ ሰው መሆኗ ሌላ፣ ዘፈኑ ሌላ ነው። ዘፈኑ ራሱ ይመልስልኝ። እስቲ ያጫውቱልኝ።

አጎት፦ የቱን?

አዜብ፦ «ሞኪንግበርድ»ን። ስልኬ ላይ ስሰማው ሁለተኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ። የፎክሶቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀበላል። እዚህ ላይ ማን ነው የሚቀበላት?

አጎት፦ ራሷ።

አዜብ፦ ሁለቱም?

አጎት፦ ሁለቱም። አንዱን ክፍል ቴፕ ላይ ዘፈነች፣ ከዚያ ያንን እየሰማች ሌላውን ደረበች። ቀስ ብለሽ አምጪው፤ በጠርዙና በመሃሉ ያዢ፣ ጥቁሩን በጣትሽ አትንኪ። መርፌው ላይ አቧራ ካለ በብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ጥረጊ። ሞኪንግበርድ የገጹ መጨረሻ ላይ ናት፤ ወደ ሌብሉ ቀረብ ብሎ ያለው ክፍል።

አዜብ፦ …እውነትም። ተጣሪዋ ስለታም ናት፤ ተቀባይዋ ወደ ጉሮሮዋ ገባ ብላ፣ ወፈር ብላ ነው የምትመጣው። ሌላ ሰው ነው የምትመስለው። ግን ጋሼ፣ ይኼ ጩኸት ላይ ሽርርር የሚለው ምንድን ነው? ስልኬ ላይ እንደዚህ አይልም።

አጎት፦ እሱ የሁለት ነገር ዕዳ ነው። አንደኛው የሸክላ ተፈጥሮ ነው። ሸክላው በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር ከሲሶ ይዞራል፤ ሳይፈጥን ሳይዘገይ። ግን ጠርዙ ላይ ያለው ክብ ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ጠባብ። ስለዚህ ከመርፌው ሥር በሴኮንድ የሚያልፈው መስመር ጠርዙ ላይ ሃምሳ ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ሌብሉ ሲጠጋ ከግማሽ በታች፣ ወደ ሃያ ይወርዳል። ያው ድምፅ በአጭር ቦታ ተጨናንቆ ይጻፋል። የገጽ መጨረሻ ላይ ጩኸት ያለበት ዘፈን ሁልጊዜ ይቸገራል። ሁለተኛው ዕዳ የቀድሞ ባለቤቷ ነው። ይቺን ሸክላ ያኔ የገዛት ወጣት ዳንሴት በምትባል ሻንጣ መሰል ማጫወቻ ላይ፣ ክንዱ ከባድ በሆነ፣ መርፌው ባለቀ ፒክአፕ ነው የጨፈረባት። ደስቲ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር መርፌው መስመሩን ፍቆታል። ያንን አሁን እንሰማለን።

አዜብ፦ ታዲያ የመጀመሪያ ኅትመት የምትሉት ክብሩ ምኑ ላይ ነው? የተፋቀ ዕቃ!

አጎት፦ እሱን ነው የምልሽ። ገበያ ላይ «የመጀመሪያ ኅትመት» ብለው ዋጋ ሲሰቅሉ እኔ መጀመሪያ የማየው ጉዳቱን ነው። ያልተነካ ሦስተኛ ኅትመት ከተፋቀ አንደኛ ይሻላል፤ ማንም ሰብሳቢ ይቆጣኛል፣ ይቆጣኝ። ግን ልዩነቱ አለ። ዘፈኑ ከቴፕ ወደ ሸክላ የሚመጣው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በላከር የተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ መቁረጫው መስመሩን ይቀርጻል። ሰሌዳው ብር ይለበጥና በኒኬል ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ የተጋገረው ኒኬል ሲላቀቅ የመስመሩ ግልባጭ ይወጣል፣ «አባት» ይሉታል። ከእሱ «እናት» ይወጣል፣ ከእናቱ ደግሞ ማተሚያው። ሁለት ማተሚያ፣ ላይና ታች፤ በመካከላቸው የሞቀ ፕላስቲክ ሊጥ፣ ሌብሉም አብሮ ይገባል። በእንፋሎት ይሞቃል፣ ይጫናል፣ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ አንድ ሸክላ ወጣ። ማተሚያው በሺህ የሚቆጠር ሲያትም ጠርዙ ይደክማል፣ ጥቃቅኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ይቀየራል። ቶሎ የታተመች ሸክላ ከዘገየችው ትሻላለች የሚባለው ለዚህ ነው። የፊሊፕስ ማተሚያ እዚሁ ለንደን፣ ዋልተምስቶ ነበር።

አዜብ፦ ይቺ ቶሎ የታተመች መሆኗን በምን ያውቃሉ?

አጎት፦ ከመጨረሻው ዘፈንና ከሌብሉ መካከል ያለውን ባዶ ጥቁር ቦታ መብራቱ ላይ ዘንበል አድርጊው። ምን ታያለሽ?

አዜብ፦ የተቀረጸ ቁጥር። ፊደልም አለው… መጨረሻው ላይ 420 ይላል።

አጎት፦ 420 የፊሊፕስ የእንግሊዝ ምልክት ነው፤ የሆላንዱ 670 ነው። ከፊቱ ያለችው ቁጥር ስንተኛው ቆረጣ እንደሆነ ትናገራለች። ሌብሉን እዪው፣ ጥቁር ሆኖ በብርማ ቀለም የተጻፈ። ሽፋኑንም ገልብጪው፤ ፊቱ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ጠርዙ ግን ታጥፎ ከጀርባ ተለጥፏል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሽፋን እንዲህ ነው የሚሠራው። ሌብሉን ሌላ ቦታ አይተሽው ይሆናል፤ ያው ፊሊፕስ ነው ኋላ አዲስ አበባ የእነ ጥላሁን ገሠሠን ሸክላ ያወጣው።

አዜብ፦ እናቴ ዘንድ አንድ አለ! ግን ከነገሩ አንውጣ። ስቴሪዮው ያልተፋቀ ይመስላል፤ እሱን ለምን አላጫወቱልኝም?

አጎት፦ በ1964 እንግሊዝ አገር ፖፕ የሚሰማ ወጣት ስቴሪዮ ማጫወቻ አልነበረውም። ሬዲዮውም ሞኖ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው ጆሮውን ሰጥቶ የሚያስማማው ሞኖውን ነው፤ ስቴሪዮው ሀብታም ማጫወቻ ላለው ጥቂት ሰው ይወጣል። የሞኖ መርፌ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚወዛወዘው። ስቴሪዮ ላይ ወደ ላይና ወደ ታችም ይጨምራል፤ በዚያ ከባድ የዳንሴት መርፌ ስቴሪዮ ሸክላ ብታጫውቺ ታርሰዋለሽ። ለዚያ ነው የተረፈው ስቴሪዮ ንጹሕ የሆነው፤ ማንም አልጨፈረበትም።

አዜብ፦ ድምፁንስ?

አጎት፦ አይቮር ሬይመንድ ነው ያቀናበረው፤ «አይ ኦንሊ ዋንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ»ንም ከማይክ ሆከር ጋር የጻፈው እሱ ነው። ቫዮሊኑም፣ ነሐሱም፣ ተቀባዮቹም፣ ከበሮውም አንድ ላይ እንዲመጡ ነው የታሰበው። ሞኖ ላይ ደስቲ ከዚያ ሁሉ መሃል ታግላ ትወጣለች። «ዩ ዶንት ኦውን ሚ» ላይ ዝቅ ብላ ትጀምርና ባንዱ እያደገ ሲመጣባት አብራው ስታድግ፣ ስፒከሩ አንድ ሆኖ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ሲገፋ፣ ግፊቱ ይሰማል። ስቴሪዮ ላይ ባንዱ ወደ ጎንና ጎን ይሄድላታል፣ መንገድ ይለቅላታል። ያምራል። ትግሉ ግን የለም።

አዜብ፦ እኔ ደግሞ መንገድ ሲለቅላት መስማት እወዳለሁ። ትንፋሿን የምሰማው ያኔ ነው። በሞኖ የሰማኋት ሴት የምትዋጋ ናት፤ በስቴሪዮ የምታስብ።

አጎት፦ ይኼን ዝግጅትሽ ላይ በዪው። ከእኔ አነጋገር ይሻላል።

አዜብ፦ ግን «ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው» ያሉት ማን ነው? የፊሊፕሱ ጆኒ ፍራንዝ አይደል አዘጋጁ?

አጎት፦ በወረቀት ላይ ፍራንዝ ነው። ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ፒያኒስት። ግን በዚያን ዘመን የለንደን ስቱዲዮ ሙዚቀኞች ኖታ ተሰጥቷቸው ሰዓታቸውን ጠብቀው የሚወጡ ናቸው፤ ዲትሮይትና ኒውዮርክ የሚሠራውን የቤዝና የከበሮ ድምፅ የሚያውቅ አልነበረም። ያንን ስትፈልግ የነበረች ደስቲ ናት። «ቤዙ እንዲህ ይሁን፣ ከበሮው ይጠንክር» እያለች የምታስደግም፣ የራሷን ድምፅ በቁራጭ በቁራጭ የምትደጋግም እሷ ናት። አብረዋት የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። በአዘጋጅነት ግን ስሟ አልተጻፈም።

አዜብ፦ «አስቸጋሪ» ተባለች እንጂ። ወንድ ሲሆን «ጥንቁቅ»፣ ሴት ስትሆን «አስቸጋሪ»። ይኼን ከየትኛውም የ1960ዎቹ ሴት ዘፋኝ ታሪክ ውስጥ አላጣሁትም።

አጎት፦ እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ እዚህ ጋ ይገጥማል። ደራሲ ተብላ አልተጻፈች፣ አዘጋጅ ተብላ አልተጻፈች። የእሷ እጅ ያለው የቱ ጋ ነው ብትዪ፣ ምርጫውና ቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ምን ዘፈን፣ ከየት፣ በምን ድምፅ፣ ከምን ቀጥሎ። በሽረልስ ከፍታ በሬይ ቻርልስ መዝጋት ዝም ብሎ የሚመጣ አይደለም። ከዚያ ሸክላው ውቅያኖስ ይሻገርና የአሜሪካው ኩባንያ ይበታትነዋል። የታወቁትን ነጠላዎች ይጨምራል፣ ቦታ ለማግኘት የተወሰኑትን ያወጣል። «ማይ ከለሪንግ ቡክ»ን የመሰለ ዘፈን ከዚህ ወጥቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ በመጣው በሁለተኛው አሜሪካዊ አልበም ላይ ተለጠፈ። እሷ የሠራችው ነገር ቅደም ተከተሉ ነበር፤ እሱን ነው ያፈረሱት። ይኸውልሽ፣ አራት ያደረግሁት ለዚህ ነው።

አዜብ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ የሰብሳቢ ቅናት ነው። ያ የሚንቁት የአሜሪካ ኅትመት ባይኖር «ዊሺን ኤንድ ሆፒን» ሞታ ነበር። እስቲ እንግሊዙ ላይ የት ነው ያለችው?

አጎት፦ ሁለተኛው ገጽ፣ አምስተኛ።

አዜብ፦ ከመጨረሻው ሁለተኛ! በነጠላ አላወጧትም፤ መርሲቢትስ የሚባሉት በሌላ ድምፅ ዘፍነዋት እንግሊዝ ውስጥ የእነሱ ሆነች። አሜሪካ ደግሞ ከዚያ ከተበታተነው አልበም ላይ ጎልታ ወጣች፣ ነጠላ አደረጓት፣ ስድስተኛ ደረሰች። ከነጠላ ጀርባ የፈለፈለቻትን ዘፈን ሰው ዘንድ ያደረሰላት ያፈረሳት ኩባንያ ነው።

አጎት፦ …በዚህስ ረታሽኝ።

አዜብ፦ ደግሞ ልጨምር። ቡፋሎ ወይ ዲትሮይት ውስጥ ያንን ሸክላ በ1964 ክረምት የገዛች ልጅ፣ ለእሷ የደስቲ የመጀመሪያ አልበም እሱ ነው። በ«አይ ኦንሊ ዋንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» ያወቀቻትን ሴት ፈልጋ ገዛች፣ አገኘቻትም። የተታለለች አይደለችም።

አጎት፦ አልተታለለችም። ግን የምታውቃት ደስቲ ሌላ ሰው ናት። የአሜሪካዋ ደስቲ ተወዳጅ ነጠላ ያላት ደስ የምትል እንግሊዛዊት ናት። የእንግሊዙ ሸክላ ላይ ያለችው ግን አንድ ነጠላ ሳትይዝ፣ ጂንስ ሸሚዝ ለብሳ፣ «እኔ የምወደው ይኼንን ነው» ብላ የመጣች ናት። ያንኑ ጸጉር፣ ያንኑ የዓይን ኩል ይዛ የወንድ ሥራ ልብስ የሚመስል ሸሚዝ መልበሷን እዪልኝ፤ የዚያን ዘመን ሴት ዘፋኝ ሽፋን ላይ የምትወጣው እኮ የራት ልብስ ለብሳ ነው።

አዜብ፦ ሲዲውስ? እሱ ላይ ሁሉም አለ። የ1997ቱ አሥራ ሁለቱን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ነጠላዎቹን ከኋላ ቀጥሏል። ጠብ የሌለበት ይመስለኛል።

አጎት፦ ለመማር እሱ ይበልጣል፣ እክዳለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን አልበሙ በ«ዶንት ዩ ኖው» ያልቅና ሳትተነፍሺ ሌላ ዘፈን ይገባል። ሸክላው ላይ መርፌው መሃል ደርሶ ክሽ ክሽ እያለ ይቀራል፤ ተነስተሽ ማንሳት አለብሽ። እዚህ ጋ አለቀ ያለችበት ቦታ ላይ ያልቃል።

አዜብ፦ እንግዲያውስ እንዲህ አደርጋለሁ። ዝግጅቱን በሞኖው «ማማ ሴድ» እከፍታለሁ፣ ከነሽርርታው። ከዚያ የሽረልስን አስከትዬ ማን ምን እንዳገኘ እናገራለሁ፤ አልተውም። «ሞኪንግበርድ» ላይ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሰው መሆናቸውን ሳልናገር አጫውቼ አድማጭ እንዲገምት አደርጋለሁ። «ዊሺን ኤንድ ሆፒን»ን ከአሜሪካው።

አጎት፦ ከአሜሪካው?

አዜብ፦ ከአሜሪካው! አሁን ረታሽኝ ብለው የለም? ለቀረጻ ለአንድ ሳምንት ያውሱኛላ፣ ሁለቱን።

አጎት፦ የአሜሪካውን ውሰጂ። ስቴሪዮውንም ውሰጂ።

አዜብ፦ ሞኖውንስ?

አጎት፦ ሞኖውን እዚህ መጥተሽ ቅጂው። መቅጃሽን ይዘሽ ነይ፤ ቡና አፈላለሁ።